ሰባትና አርባ

ከአዲስ አበባ በአዳማና በመተሐራ በኩል ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ አዋሽ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። አንዱ ወደ ድሬዳዋና ሐረር ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ሰሜን ታጥፎ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሰመራ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ይወስዳል። መገንጠያዋ ከተማ በሙሉ ስሟ አዋሽ ሰባት ኪሎ ትባላለች። በሰሜኑ መንገድ ትንሽ ሄድ ሲሉ ደግሞ አዋሽ አርባ አለች። በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሰው ስሞቹን አሳጥሮ «ሰባት ነው የምወርደው»፣ «አርባ ላይ አውርደኝ» ቢል የሚገረም የለም። ረዳቱ የሰማው ቦታ እንጂ ቁጥር አይደለም። ሰባትንና አርባን ደምሮ 47 የሚል ተሳፋሪም አይገኝም።

«አርባ» ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አማርኛ ተናጋሪ ሲሰማው አራት ጊዜ አሥር ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪ ሲሰማው ዝሆን ነው። አዋሽ አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አርጎባውም፣ አማራውም የሚገናኝበት ሸለቆ ስለሆነ፣ ያው አንድ ቃል በአንዱ ጆሮ ገብቶ ይቆጠራል፤ በሌላው ገብቶ ኩምቢ ያወጣል።

ሰው ይህን ሁሉ ሳያስበው ይለየዋል። ኮምፒውተር ግን ካልነገሩት አያውቅም። «የተሰጠኝ ጽሑፍ ቁጥር ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ጥያቄ ፐርል በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በሚሠሩ ባለሙያዎች ዘንድ ከ30 ዓመት በላይ ሲነሣ ሲወድቅ ኖሯል። መልሱም ሲሻሻል ኖሯል። የጥያቄው ዕድሜ ግን ከፐርል ዕድሜ በብዙ ይበልጣል። ከአዋሽ ላይ ሆኖ ለሚያየው ከግሪክ ተነሥቶ፣ አክሱምን ረግጦ፣ በፈረንሳዮች ባቡር ተሳፍሮ የመጣ ጥያቄ ነው።

በባቡሩ እንጀምር። ዳግማዊ ምኒልክ የሐዲዱን ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ነበር። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ። እዚያ ላይ ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ከሰረ። ሌላ ኩባንያ ተተክቶ ሐዲዱ አዋሽን ተሻገረና በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። መስመሩ በፈረንሳይኛ ይተዳደር ስለነበር፣ በአዋሽ ጣቢያ አጠገብ ያለው አሮጌ ሆቴል ሳይቀር «ቡፌ ዳዋሽ» የሚል የፈረንሳይኛ ስም ወጣለት።

«ኪሎ» የሚለው ቃልም የፈረንሳዮች የመለኪያ ሥርዓት ልጅ ነው። እነሱ ሺህ ከሚለው የግሪክ ቃል ወስደውታል። እንግዲህ ቃል በቃል ከሄድን «ሰባት ኪሎ» ማለት ሰባት ሺህ ነው፤ የምን ሰባት ሺህ እንደሆነ ግን አልተነገረም። ተሳፋሪው ኪሎሜትር ብሎ ይሰማዋል። ባለሱቁ ቢሰማው ሚዛኑን ሊያነሣ ይችላል። በምላስ ላይ የቀረው ቁጥሩና «ሺህ» የሚለው ብቻ ሲሆን፣ መለኪያውን ሰሚው ከራሱ ይጨምርበታል።

ፈረንሳይኛ ሌላም ልማድ አለው። ሰባት ተኩልን ሲጽፍ ሰባት፣ ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ፣ ቀጥሎ አምስት ያደርጋል፦ 7,5። እንግሊዝኛ ደግሞ ነጠላ ሰረዝን ለሺህ መለያ፣ ነጥብን ለክፍልፋይ ይጠቀምበታል። ስለዚህ «1,250» የሚል ጽሑፍ ለአንዱ አንድ ከሩብ፣ ለሌላው ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ነው። ጅቡቲ ዛሬም ከዐረብኛ ጋር ፈረንሳይኛን የመንግሥት ቋንቋ አድርጋ ትጠቀማለች። የኢትዮጵያ ነጋዴ ሒሳቡን የሚይዘው በእንግሊዝኛው አጻጻፍ ነው። በአዋሽ መገንጠያ የሚያልፈው ጭነት እነዚህን ሁለት ልማዶች በየቀኑ ያገናኛል።

ባቡሩ ሳይመጣ በፊት አገሩ የራሱ ቁጥር ነበረው። የግዕዝ አሃዞች በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንጉሥ ዒዛና የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ይታያሉ። መነሻቸው የግሪክ ፊደላት ናቸው፤ ግሪኮች ፊደሎቻቸውን ለቁጥርም ይጠቀሙባቸው ነበርና። የአክሱም ጸሐፍት ምልክቶቹን ወስደው ከላይና ከታች መስመር አሰመሩባቸው። ይህ መስመር ለዛሬው ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ነው፦ አንባቢው ከፊደል መካከል ቁጥሩን በዓይኑ እንዲለይ ያደርገዋል። «፯ ኪሎ» ብሎ የሚጽፍ ሰው እንግዲህ አሃዙንም ቃሉንም ከግሪክ ነው የተበደረው፤ አንዱን በአክሱም በኩል፣ ሌላውን በፓሪስ በኩል።

የግዕዝ አሃዞች ብዛት 20 ነው። ከ፩ እስከ ፱ ዘጠኝ፣ ከ፲ እስከ ፺ ዘጠኝ፣ በላያቸው ፻ እና ፼። ዜሮ የለም፤ ለሺህ የቆመ ምልክትም የለም። ሰባት ሺህ ሲጻፍ «ሰባ መቶ» ይሆናል፦ ፸፻። የባቡሩ 784 ኪሎሜትር ፯፻፹፬ ነው። ሥርዓቱ ከቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ወጥቶ ገበያም ገብቷል። በምኒልክ ብር ላይ ዓመተ ምሕረቱ በግዕዝ አሃዝ ፲፰፻፹፯ ተብሎ ተቀርጿል። በደርግ ዘመን የወጡት ሳንቲሞችም ፲፱፻፷፱ ይላሉ። ሳንቲሙን አንሥቶ ዓመቱን ሳያነብ የሚከፍል ብዙ ነው። በእጁ ያለው ግን ዜሮ የማያስፈልገው የቁጥር ሥርዓት ነው።

አንድ ልዩነት ቀረብ ብሎ መታየት አለበት። በተለመደው አሃዝ 7 እና 8ን በፈለጉት ቅደም ተከተል ቢደረድሩ ቁጥር ይወጣል፤ 78 ቁጥር ነው፤ 87ም ቁጥር ነው። በግዕዝ ግን ፹፯ ሰማንያ ሰባት ሲሆን፣ ፯፹ ምንም አይደለም። ሁለቱ ምልክቶች እያንዳንዳቸው ትክክለኛ አሃዝ ናቸው፤ ድርድሩ ግን ሕግ ጥሷል። ስለዚህ የግዕዝ ቁጥርን ትክክለኛነት መመርመር ምልክቶቹን አይቶ ማለፍ ብቻ አይደለም። ሰዋስው እንደማረም ነው።

ወደ ማሽኑ እንመለስ። ፐርልን የሠራው አሜሪካዊው ላሪ ዎል በሙያው የቋንቋ ጥናት ሰው ነው። ከባለቤቱ ጋር ትምህርቱን ሲከታተል ያሰበው ጽሕፈት የሌለው ቋንቋ፣ ምናልባትም አፍሪካ ውስጥ፣ አግኝቶ ፊደል ሊቀርጽለት ነበር። ሐሳቡ አልተሳካምና በኮምፒውተር ሥራ ቀረ፤ በታኅሣሥ 1987 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፐርልን ለሕዝብ ለቀቀ። በአፋር በኩል ያን መሰል ሥራ የሠሩት የቋንቋው ልጆች ራሳቸው ናቸው። ዲሚስና ሬዶ በ1970ዎቹ በላቲን ፊደላት የአፋርኛን አጻጻፍ አዘጋጁ። በዚያ አጻጻፍ በእንግሊዝኛ «ኪው» የሚባለው ፊደል የ«ዐ»ን ድምፅ ይዟል፤ «አፋር» የሚለው ስም ራሱ በእሱ ይጀምራል። ምልክት የሚለውን የሚለው ተጠቃሚዎቹ ሲስማሙበት ብቻ መሆኑን ሰመራ ላይ የትምህርት ቤት ልጅ ያውቀዋል።

የዎል ቋንቋ ለጽሑፍና ለቁጥር የተለያየ ዕቃ አያዘጋጅም። ጽሑፍ ሰጥተው ደምር ቢሉት ይደምራል። ደንቡም እንዲህ ነው፦ ከፊት ያለውን ባዶ ቦታ ይዘላል፤ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ካለ ይይዛል፤ አሃዞችን ይለቅማል፤ የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ይቆማል። የለቀመው ካለ ያን ይወስዳል፤ ከሌለ ዜሮ ይላል። «7 ኪሎ ጨው» 7 ይሆናል። «ሰባት ኪሎ ጨው» 0 ይሆናል። «1,250» ነጠላ ሰረዙ ላይ ይቆምና 1 ይሆናል፤ ለፈረንሳዩም ለእንግሊዙም አልሆነም። «አዋሽ 7» ደግሞ በፊደል ስለጀመረ 0 ነው። ማስጠንቀቂያ የሚያሰጠውን ትእዛዝ ያበራ ፕሮግራመር ጽሑፉ ቁጥር እንዳልሆነ ይነገረዋል። ያላበራ ግን ወሩ ሲዘጋ ሒሳቡ ለምን እንደጎደለ ሲፈልግ ይከርማል።

«፯» ብቻውን ሲሰጠውስ? 0።

ይህ የሆነበት ታሪክ አለው። ዩኒኮድ ከተባለው የፊደላት የጋራ መዝገብ በፊት ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪና ሌሎችም ፕሮግራሞች የግዕዝን ምልክቶች በየራሳቸው ድልድል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጧቸው ነበር። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ቅዠት ሆኖ መውጣቱን በዚያ ዘመን ቢሮ የሠራ ሁሉ ያስታውሰዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 የወጣው ሦስተኛው ዩኒኮድ ለግዕዝ ፊደል ቋሚ ቦታ ሰጠው፤ 20ዎቹ አሃዞችም አብረው ገቡ። ዩኒኮድ ግን ምልክቶችን ቦታ ከመስጠት አልፎ በመደብ ይከፍላል። ዜሮ ያላቸው፣ በቦታቸው ዋጋቸው የሚለዋወጥ አሃዞች የአሥር ቤት አሃዝ የተባለውን መደብ ያገኛሉ። የቁርኣን አንቀጾች የሚቆጠሩባቸው የዐረብኛ አሃዞች በዚህ ውስጥ ናቸው። የግዕዝ አሃዞች ያሉበት መደብ «ሌላ ቁጥር» የሚባለው ነው፤ ከግማሽና ከሩብ ምልክቶች፣ በክብ ውስጥ ከተጻፉ ቁጥሮች ጋር። ዜሮ ስለሌላቸው ምደባው ስሕተት አይደለም። ውጤቱ ግን ከባድ ነው፦ በፐርል አሃዝ መፈለጊያ የሆነው ምልክት፣ «ወደ ኋላ ያዘነበለ ሰረዝና ዲ»፣ የመጀመሪያውን መደብ ብቻ ስለሚያውቅ ፯ን አያየውም።

ለዐረብኛው ሰባት የሆነው ደግሞ ይብሳል። መፈለጊያው «አዎ፣ አሃዝ ነው» ይለዋል። ደምር ሲባል ያው ፐርል 0 ያደርገዋል። በር ላይ ተፈትሾ የገባ እንግዳ ማዕድ ላይ ሲደርስ ቁጥር ውስጥ አልገባም እንደማለት ነው።

ክፍተቱን ለመድፈን የተነሣው ዳንኤል ያዕቆብ ነው። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን መሥራች የሆነው ይህ ሰው የግዕዝን ፊደል ለኮምፒውተር ሥራ ለማብቃት ከደከሙት አንዱ ሲሆን፣ ሲፓን በተባለው የፐርል የጋራ ማከማቻ ውስጥ በርካታ ሞጁሎችን አኑሯል። አንደኛው ለኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ነው፤ አንደኛው በፊደል ቤቶች ለመፈለግ ነው፤ «ኮንቨርት ነምበር ኢትዮፒክ» የተባለው ደግሞ በተለመደውና በግዕዙ አሃዝ መካከል ወዲያና ወዲህ ያሻግራል።

የማሻገሪያው ዘዴ በወረቀትም ይሠራል። 784ን ከቀኝ ወደ ግራ ሁለት ሁለት አሃዝ አድርገው ይክፈሉት፦ 84 እና 7። ቀኝ ዳር ያለው ጥንድ እንዳለ ይጻፋል፤ ፹፬። በግራው ያለው ሁለተኛ ጥንድ ፻ ይከተለዋል፤ ፯፻። ሦስተኛ ጥንድ ቢኖር ፼ ይከተለው ነበር፤ አራተኛው እንደገና ፻፤ እንዲህ እያለ ይፈራረቃል። ጥንዱ 00 ከሆነ የሚጻፍለት አሃዝ የለም። መቶ ብቻውን ሲሆን ከፊቱ ፩ አይጻፍም፤ ፻ ይበቃል። ይኸው ደንብ ዛሬ የድረ ገጽ ዝርዝሮችን በግዕዝ አሃዝ ለመቁጠር በዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ደረጃ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ዒዛና ካቆማቸው ድንጋዮች እስከ ስልክ መስኮት ድረስ አንድ ሥርዓት መጥቷል ማለት ነው።

እስካሁን ያየነው ቁጥር ሆኖ ሳለ ቁጥር አይደለህም ስለተባለ ጽሑፍ ነው። አፋር ለተቃራኒውም ምሳሌ አላት። በኅዳር 1974 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሃዳር የተገኘችው ድንቅነሽ በመዝገብ ስሟ ኤኤል 288-1 ናት። ሁለቱ ፊደላት «የአፋር ቦታ» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ምሕጻር ናቸው፤ 288 የቦታው መለያ፣ 1 የግኝቱ ተራ ነው። በ2013 ቻላቸው ስዩም በሌዲ ገራሩ ያገኘው፣ 2.8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የመንጋጋ ቁራጭም ኤልዲ 350-1 ተብሏል። «288-1»ን ለፐርል ቢሰጡትና ዜሮ ቢደምሩበት ሰረዙ ላይ ቆሞ 288 ይላል። የሒሳብ ሰው ቢያየው 287 ይላል። ሁለቱም ድንቅነሽን አያውቋትም። ዕድሜዋ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ ይደመራል፣ ይቀነሳል፣ ከሌላው ይወዳደራል፤ መለያዋ ግን ይጠራል እንጂ አይደመርም።

ስልክም እንዲሁ ነው። የሰመራ መደበኛ ስልክ በ033 ይጀምራል። ጽሑፉ ወደ ቁጥር ሲቀየር ፊት ያለው ዜሮ ይጠፋና 33 ይቀራል፤ የተቆረጠው ስልክ አይደውልም። ይባስ ብሎ ፕሮግራመሩ 033ን ያለ ጥቅስ ምልክት በቀጥታ ፕሮግራሙ ውስጥ ከጻፈው፣ ፐርል በዜሮ የሚጀምር ቁጥርን በስምንት ቤት ስለሚያነብ 27 ይሆናል። አንድ የጥሪ ኮድ፣ ሦስት መልስ።

ፕሮግራመሮቹ ለዚህ ሁሉ ምን አበጁ? ቀዳሚው መፍትሔ በእጅ የሚጻፍ የቅርጽ መግለጫ ነበር፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሃዝ ብቻ ከሆነ እለፍ የሚል። ይህ ግን ከባሕር ወለል 100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኘውን የደናክል ረባዳ ከፍታ አይቀበልም፤ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አለበትና። የመቀነስ ምልክት ቢጨመር ነጥብ ይቀራል፤ ነጥብ ቢጨመር የመስመር መጨረሻ ምልክት ሳይታይ ሾልኮ ይገባል። ከፐርል ጋር የሚመጣው የጥያቄና መልስ ሰነድ ለዚህ አንድ ጥያቄ አንድ መልስ አልሰጠም፤ ሙሉ ቁጥር ለሚፈልግ፣ ክፍልፋይ ለሚፈልግ፣ ምልክት ያለበትን ለሚፈልግ ለየብቻ ደርድሮለታል።

ፐርል በ5.8 ተከታታይ እትሞቹ «ሉክስ ላይክ ነምበር» የተባለውን መርማሪ በመደበኛ ዕቃው ውስጥ አስገባ። ትርጉሙ «ቁጥር ይመስላል» ነው፤ ነው አላለም። ይህ መርማሪ ፐርል ራሱ ሳይንገራገር የሚደምረውን ጽሑፍ ያሳልፋል። አሉታዊውን፣ ነጥብ ያለበትን፣ በኢ ፊደል የታጠፈውን የሳይንስ አጻጻፍ ይቀበላል፤ «ኢንፊኒቲ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃልም ቁጥር ነው ይላል። ፯ን ግን አይቀበልም። በ2011 የወጣው 5.14 ሁለት ነገር ጨመረ። አንደኛው አሃዝ መፈለጊያውን ከ0 እስከ 9 ባሉት ብቻ የሚገድብ ምልክት ነው፤ የዐረብኛው እንግዳ ከእንግዲህ በር ላይ ይመለሳል። ሁለተኛው «ነም» የተባለ፣ የዩኒኮድን መዝገብ ገልጦ የምልክትን የቁጥር ዋጋ የሚናገር መሣሪያ ነው።

መርማሪ የሚመርጥ ሰው ሥራውን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ኪሎሜትር፣ ብርና ኩንታል ይደመራሉና በጥብቅ ይመርመሩ፤ ነጠላ ሰረዙም የማን ልማድ እንደሆነ ይጠየቅ። የስልክ፣ የሰሌዳና የቅሪተ አካል መለያ አይደመሩም፤ አሃዝ የሞላባቸው ጽሑፎች ናቸውና በጽሑፍነታቸው ይቀመጡ። የኢትዮጵያን ሰነድ የሚያነብ ፕሮግራም ደግሞ ፯ን ሲያገኝ ወደ ዜሮ ከመቀየሩ በፊት አስተርጓሚ ይጥራ።

«ነም» የተባለው መሣሪያ በአዋሽ መንገድ ላይ ቢፈተን የሚሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ፯ን ብቻውን ሲሰጡት 7 ይላል፤ ፵ን ብቻውን ሲሰጡት 40 ይላል። ሁለቱን አጋጥመው ፵፯ ሲሉት ግን ከአንድ በላይ ምልክት ያለው ጽሑፍ ሁሉ በአሥር ቤት አሃዝ ካልተጻፈ ስለማይቀበል ባዶ ይመልሳል። የዳንኤልን ሞጁል የጫነ ሰው 47 ያገኛል።